የቨርሊን ስኮግሞ ክር

እስቲ ያንን ሰውዬ እዩልኝ። ጀልባ ማውረጃው ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ለእኛ ፊቱን ለሸምበቆው ሰጥቶ የቆመውን። ውሃ ሽንት የያዘው ይመስላል፤ አይደለም። ከዘንጉ ጫፍ የውሸት ዓሣውን እየፈታ ነው፤ ያችን መንጠቆ የታጠቀች፣ ቀለም የተቀባች፣ እውነተኛውን ዓሣ የምታሞኝ የእንጨት ዓሣ። ፈትቶ ቆቡ ውስጥ ይደብቃታል፣ ቆቡን ይደፋል፣ በምትኳ ማንም ዓሣ ዞር ብሎ የማያያትን አንዲት አረንጓዴ ያስራል። ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞሮ እንደምን እንደዋልን ይጠይቀናል። ፈገግታው ትንሽ ጠመም ያለ ነው፤ መንጠቆው አናቱን እየወጋው ነዋ። አረንጓዴዋ ለዓሣ አይደለችም። ለእኛ ናት።

በዓለም ላይ ዓሣ ያለበት ሐይቅ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ሐይቁ ሰፊ ከሆነ ሁለት ይኖሩታል፤ ሁለቱም አይነጋገሩም። የኛው፣ የሰሜን ሚኒሶታው የኬትል ሐይቅ ሰው፣ ቨርሊን ስኮግሞ ይባላል። ፊት ለፊት ቨርሊን ነው፤ ዞር ሲል "መጋቤ ምስጢር" ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን። ቢሰማ ደስ ይለው ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ማን እንደነገራችሁ ሳያጣራ አይለቃችሁም።

መፈክሩ አንዲት ናት፤ "ለምን ፈለግኸው?" ስንት ሰዓት ነው ስትሉት፣ ለምን ፈለግኸው። ዝናብ ይመጣ ይሆን ስትሉት፣ ለምን ፈለግኸው። ቄሳችን አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እጁን ጨብጠው ሚስቱ ማርዲስ ከጉንፋኗ ተሽሏት እንደሆነ ቢጠይቁት፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለምን እንደፈለጉት ጠየቃቸው። ሐኪሙም የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው ሲጠይቀው ደህነኛውን አሳየው ይባላል። ይህችን ግን እኔ አላየሁም።

ነገሩ ሁሉ ስለ ዋልአይ ነው። ዋልአይ ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ ተኝቶ ውሎ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኑን እንደ ድመት እያበራ ወደ ድንጋዩ የሚወጣ ዓሣ ነው። ትንንሹን ሕፃንም ይይዘዋል፤ አርብ አርብ ጠብሰን የምንበላው እሱን ነው። ሠላሳ ኢንች የሞላችው ግን ሌላ ናት። እሷ የሐይቁ እናት ናት፤ ትለኳታላችሁ፣ አብራችኋት ፎቶ ትነሣላችሁ፣ ወደ ውሃዋ ትመልሷታላችሁ። የማይመልስ ሰው ካለ ስሙን ስጡኝ፤ የምለውን እኔ አውቃለሁ። ፎቶው ኮሪን የማጥመጃ ዕቃ ከምትሸጥበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እዚያ ግድግዳ ላይ የወጣ ሰው ሞቶም አይወርድ። በዚህ ከተማ ከንቲባ ከመሆን ያ ግድግዳ ይከብራል።

እዚያው ሱቅ መደርደሪያው ፊት ቁሙና የቀለሙን ዓይነት ተመልከቱ። ባለ ነጠብጣብ ሐምራዊ፤ ሆዱ ብርቱካን ጀርባው ወርቅ፤ አናቱ እሳት ጅራቱ ሎሚ። ይህ ሁሉ የተቀባው ለዓሣው ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ውሃችን እኮ እንደ ሻይ የጠቆረ ነው፤ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብታስገቡ ጣታችሁን አታዩትም። የቀለም ሊቃውንቱ ያጠመዱት ኪስ ያለውን ዓሣ ነው። ይህን ስል ኮሪን ትቆጣለች፤ ትቆጣ። ስለ ክሩማ አታንሱብኝ። አንዱ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በሬ ይጎትታል የሚባል ነው። ሌላው ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም ይባላል። የማይታይ ነገር ሲሸጥላችሁ ካልጠረጠራችሁ እናንተን ማን ይርዳችሁ?

ቨርሊን ግን ይጠረጥራል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለው ተረት የተተረተው ለእሱ ይመስለኛል። እውነተኛዎቹን የውሸት ዓሦች፣ ነገራችን እዚህ ደርሷልና፣ የሚገዛው ማንም ከማያውቀው ሩቅ ከተማ ሄዶ ነው። ከኮሪን ዘንድ ደግሞ ሱቁ በሰው እስኪሞላ ጠብቆ አረንጓዴ አረንጓዴውን ይገዛል፤ ጮክ ብሎ፣ እያቅማማ፣ መቼም ከዚህች ሌላ አልበላ አሉ እያለ። እነዚያ አንድም ቀን ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። ማርዲስ መንጠቆዎቻቸውን እየነቀለች የገና ዛፍ ታስጌጥባቸዋለች። ከዓመት ዓመት የዚያ ዛፍ አረንጓዴነት እየባሰበት ሄዷል።

አንድ ክረምት ሐይቁ በረዶ ሲሠራ፣ ሥሩ ጭቃ ብቻ በሆነ፣ ምንም ዓሣ በሌለበት ቦታ፣ በረዶውን ቦርቡረን የምናጠምድባትን ዓይነት ጎጆ ባዶዋን ተከለ። ጭስ ማውጫዋ እንዲጨስ ጧትና ማታ እየሄደ ምድጃዋን ይለኩሳል፤ ለኩሶ ሹልክ ብሎ ወደ እውነተኛው ቦታው ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጎጆ በአጠገቧ በቀለ። ከዚያ ሌላ። የገና በዓል ሳይደርስ መንደር ሆነ፤ ውሻ ያለበት፣ ሬዲዮ የሚጮኽበት፣ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሎችና በድንበር የሚጣሉ ጎረቤቶች ያሉበት መንደር። ኋላ ከመንደርተኞቹ አንዱ እንደ ምንም ብሎ አንዲት ደህና ዋልአይ አወጣ። ይህን የሰማ ቨርሊን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንቅልፍ አጣ። እዚያ የሆነ ነገር አውቀዋል ብሎ እውነተኛ ቦታውን ጥሎ፣ የቀረውን ክረምት በገዛ ውሸቱ ላይ በረዶ ሲቦረቡር ከረመ።

እሱን ብቻ አልከስም፤ ሁላችንም ያው ነን። በኛ ሐይቅ "ቀይ ነው የሚበሉት" ያለህ ሰው፣ ቀይ እንዳልሆነ ነገረህ ማለት ነው። ጥልቁ ላይ ነኝ ካለህ ዳር ዳሩን ትይዛለህ። ይህን ነገር እጠላዋለሁ። ሐይቁ የሁላችን፣ ዓሣው የሁላችን፤ አንዲት የተቀባች እንጨት እንደ መንግሥት ምስጢር የምትጠበቅበት ምክንያት ዛሬም አይገባኝም። ቢሆንም ውሸቱ ሕግ ስላለው ተግባብተን ኖረናል። ጭንቁ አንድ ሰው እውነት የተናገረ ቀን ነው። ያ ቀን ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ መጣ።

ጌይለን ኡትኪ የቨርሊን ጎረቤት ነው። ጀልባ ማሰሪያዎቻቸው ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ጌይለን ዕድሜውን ጣሪያ ሲሠራ የኖረ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ አሁን ልቡ የደከመና ዓይኑም የፈዘዘ ሰው ነው። ልጁ ከእንግዲህ ብቻህን አታድርም ብላ ቤቱን አሸጠችው፤ የዚያን ሳምንት እሑድ መጥታ ወደ ከተማ፣ ወደ ፎቅ ቤቷ ልትወስደው ነው። አልተከራከራትም። ሰኞ ዕለት ግን ኮሪን ሱቅ ገባና ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ዕድሜ ልኩን በዚህ ሐይቅ ዳር ኖሮ ሠላሳ ኢንች ይዞ እንደማያውቅ፣ ከመሄዱ በፊት አንዲት ቢያገኝና እዚያ ቢለጠፍ፣ ሌላው ቢቀር እዚህ እንደነበረ የሚመሰክርለት ነገር እንደሚኖር ነገራት። ቀስ ብሎ ነበር የነገራት። ከጓንቱ መደርደሪያ ጀርባ ግን ቨርሊን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከመደርደሪያ ጀርባ ጠፍቶ አያውቅም።

አመሻሹን ቨርሊን የጌይለን በረንዳ ላይ ወጣ። ማርዲስ እንደነገረችኝ ከቤት ሲወጣ ፊቱ ንስሐ ሊገባ የሚሄድ ሰው ፊት ነበር።

"ጌይለን፣ ስማኝ" አለው። "ወርቃማዋ ናት። ረጅሟ፣ ሆዷ ብርቱካን የሆነችው። ከደሴቲቱ በስተምዕራብ፣ ድንጋዩ ትከሻ ላይ፣ ፀሐይ ዛፎቹን ስትነካ። ቀስ አድርገህ ጎትታት።"

ጌይለን ትክ ብሎ አየው። "ማርዲስ ደህና ናት?" አለ።

"ደህና ናት። ለምን ፈለግኸው?"

"አይ፣ አንተን ያመመህ መስሎኝ ነው።"

"እውነቴን ነው የምነግርህ፣ ሰውዬ።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ።"

በማግስቱ ጌይለን ማንኛውም ጤነኛ የሐይቃችን ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ወርቃማ ስለተባለ ሰማያዊ፣ ረጅም ስለተባለ አጭር፣ ምዕራብ ስለተባለ ምሥራቅ፣ ማታ ስለተባለ በጧት ወጣ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጎትት ውሎ ተመለሰ። ቨርሊን በሩቅ ማያ መነጽሩ ሲያየው ዋለ፤ ምሳም አልበላ።

"የዘራኸውን ነው የምታጭደው" አለችው ማርዲስ ድንች እየላጠች።

"ታዲያ ልዋሸው?"

"አሁንማ ብትዋሸውም አያምንህ። አንዴ እውነት ተናግረህ ስምህን አበላሽተሃል።"

በኛ ዘንድ የሰጡት ነገር አይታመንም፤ የሚታመነው የሰረቁት ብቻ ነው። ይህን ቨርሊን ከማንም በላይ ያውቃል። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጀልባውን አሰረና ዘንጉን ጠርዟ ላይ አጋደመው። ወርቃማዋ፣ ከማርዲስ በቀር ፍጡር አይቷት የማያውቃት፣ ከጫፉ ተንጠልጥላ ፀሐይ ላይ ትሽከረከራለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ሆዱን እንደቆረጠው ጮክ ብሎ ተናግሮ ወደ ቤት ሮጠ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ላብ አጠመቀው። በሩን ክፍት ትቶ ገላውን የሚታጠብ ሰው ያህል አፈረ።

ጌይለን ከቤቱ ወጣ። ያልላላ ገመድ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። አንገቱን እንደ ዝይ አስረዘመ። አየ። ዘወር አለ። መልሶ አየ። ከዚያ ዶሮ እንደሰረቀ ሰው ዙሪያውን እየቃኘ መኪናው ውስጥ ገባና እንደዚያችው ያለች ሊገዛ በቀጥታ ወደ ኮሪን ሱቅ ነዳ።

ያን ዕለት ፀሐይ ዛፎቹን ስትነካ፣ ከደሴቲቱ በስተምዕራብ የጌይለን ዘንግ ጎበጠ። ቨርሊን ራቅ ብሎ ሞተሩን የሚጠግን መስሎ ያያል። ዘንጉ አንዴ ሰገደ፣ ደግሞ ሰገደ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዓሣዋ አመለጠች።

ጌይለን የሰረቀው ግማሹን ብቻ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት የቨርሊን ምስጢር የውሸት ዓሣዋ አይደለችም፤ ክሩ ነው። ጌይለን እንደ ሁላችንም ያንን በሬ ይጎትታል የሚባለውን ጉንጉን ክር ነው የጠቀለለው። ጉንጉኑ አይበጠስም፣ እውነት ነው፤ ግን አይለጠጥም። የትልቋ ዋልአይ አፍ ደግሞ ስስ ነው። ራሷን ስታራግፍ ክሩ ትንሽ ካልተለጠጠላት መንጠቆው ቀዶ ይወጣል። ቨርሊን የሚጠቀመው ኮሪን ሱቅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣውን፣ ሁሉ የናቀውን ወፈር ያለ ተራ ናይለን ነው። ሲስቡት እንደ ላስቲክ እሺ ይላል። ይኸው ነው። ቆቡ፣ ሸምበቆው፣ አረንጓዴዋ፣ ያ ሁሉ ትያትር የተደገሰው ዓይናችን ክሩ ላይ እንዳያርፍ ነው። አላረፈምም።

ጌይለን ተመልሶ ጀልባዋን ሳያስር ውስጧ ቁጭ ብሎ ቀረ። ቨርሊን ከጎኑ ደርሶ እንዴት እንደነበር ጠየቀው።

"ምንም አልነካም" አለ ጌይለን።

"እኔም ጋ ዝም ነው" አለ ቨርሊን።

ሁለቱ ውሸታሞች ጎን ለጎን ሆነው ውሃውን ሲያዩ ቆዩ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ጌይለንን ልንሸኝ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰብን፤ በልማዳችን ሁሉም የየድስቱን ይዞ ይመጣል። ድንች በሥጋ ተጋግሯል፤ ሰላጣ የምንለው ጣፋጭ አለ፤ ውሃ የመሰለው ቡናችንም አልቀረም። ቄሱ ሲጸልዩ ቨርሊን ሹልክ ብሎ ወጣ። የኮቱ ጎን አብጧል። ስጠረጥረው የኖርኩት ሰው ነውና ተከተልኩት። መኪናውን ወደ ቤቱ አላዞረም፤ ወደ ጌይለን ግቢ ነው ያዞረው። ዛፍ ለዛፍ ተከልዬ ስደርስ የጌይለን ጀልባ ውስጥ ተንበርክኮ የጌይለንን ዘንግ ይፈታታል። ደሜ ፈላ። ሽማግሌው አንድ ምሽት ቀርቶታል፤ ሰው ሁሉ እየመረቀው ነው፤ ይህ ምቀኛ ዕቃውን ሊያበላሽበት መጣ አልኩ።

"ያዝኩህ" አልኩት። "ምን ታደርጋለህ እዚህ?"

"ለምን ፈለግኸው?" አለ ቀና ሳይል። ኋላ ትንፋሹን ለቀቀና፣ "ና ግባ። ይህችን ያዝልኝ" አለኝ።

ከኮቱ ያወጣው የናይለን ጥቅልል ነበር። የጌይለንን ጉንጉን ክር አስቀድሞ አውልቆታል። ጥቅልሉን የመጻፊያ እርሳስ ላይ ሰክቼ ያዝኩለት፤ እሱ ክሩን በጣቶቹ መካከል ጠበቅ እያደረገ ወደ ዘንጉ መጠቅለያ ያዞረዋል። እያዞረም ሁሉንም ነገረኝ፤ ሳልጠይቀው። የጌይለን ዓይን ቢደክምም ልዩነቱን እንዳያውቅ ከጉንጉኑ ጋር የሚመሳሰል አረንጓዴ ናይለን ፈልጎ እንዳገኘም ነገረኝ። ወርቃማዋን መልሶ ሲያስር ግን አሰረ፣ ፈታ፣ አሰረ፣ ፈታ። ምን እንደሚያለፋው ጠየቅሁት።

"ጌይለን ቋጠሮ አይችልበትም" አለ። "የሱን ቋጠሮ እንዲመስል፣ ግን እንዳይፈታ እያደረግሁ ነው። ያምራል ካለ ይጠረጥራል።"

"ለምን አትነግረውም እሱን ራሱን?"

"ከነገርኩትማ የኔ ዓሣ ትሆናለች።"

ይህን ሲል አላየኝም። ለሰው ብትናገር ወዮልህ ሲለኝ፣ ማን ያምነኛል አልኩት። ይህ መልስ ደስ አሰኘው።

አመሻሹን ጌይለን ወጣ። ዘንጉን ሲያነሣ ጥቂት አገላበጠው። ሰው ጀልባዬን ነክቷል ብሎ አጉረመረመ፤ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ማርዲስ አየ፣ በዚያ ወደሚያልፍ ውሻ አየ። ከዚያ ፀሐይዋን አየና ሞተሩን አስነሣ። ሊያጣራ የሚችልበት ጊዜ አልነበረውም።

እኔና ማርዲስ ዳር ቆመን ነበር። ዘንጉ ከደሴቲቱ በስተምዕራብ ሰገደ። ማርዲስ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሰገደ፣ ተነሣ፣ ሰገደ። ዓሣዋ ጀልባዋን ዞረች፣ ወረደች፣ ራሷን አራገፈች፤ ጌይለንም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እየጎተተ፣ እየለቀቀ፣ እየጎተተ ቆየ። ያ ተራ ክር እሺ አላት። ልቡ ይቆምበታል ብዬ ፈራሁ። መረቡን ሲያነሣ ሁለቱም እጆቹ አልበቁትም። ያን ጊዜ "በአጋጣሚ" በዚያ ሲያልፍ የነበረ ሰው ጀልባውን አስጠጋና ያዘለት። ሠላሳ ሞልታ ተርፋለች።

ፎቶውንም ያነሣው ያው አላፊ አግዳሚ ነው። አሁን ኮሪን ግድግዳ ላይ አለ። ጌይለን በአንድ እጁ ሆዷን ደግፏል፤ በሌላው አፏን ግጥም አድርጎ ሸፍኗል፣ ቨርሊን የውሸት ዓሣዋን እንዳያይበት። ዓይኑ እንባ ሞልቶታል፤ ጣቶቹ ግን ዘብ ቆመዋል።

ጌይለን ዓሣዋን ወደ ውሃዋ መልሶ፣ ጅራቷ ጥቁሩ ውስጥ እስኪጠፋ ጠብቆ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ቨርሊን በምን እንደያዛት ጠየቀው።

"በአልቅት" አለው ጌይለን። "መንጠቆ ላይ በሰካሁት ተራ አልቅት።"

ይህን ሲያወራልኝ የቨርሊን ፊት ልጁ የተመረቀለት አባት ፊት ነበር።

እኔ ውሸት አልወድም። ይህንን ሰው በስሙ እየጠራሁ ስሰድበው ኖሬያለሁ፤ ነገም ሸምበቆው ጋ ቆሞ ባገኘው አልምረውም። ግን ራቅ ወዳለ አገር ብሄድ የቤቴን ቁልፍ የምሰጠው ለእሱ ነው። እኔ የሌለሁ ዕለት ገብቶ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠግኖ፣ ስመለስ ምንም አልነካሁም ብሎ ዓይኔን እያየ የሚዋሽ ሌላ ሰው አላውቅም።

ጌይለን አሁን ከልጁ ጋር ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ዓይኑ ጋዜጣ ማንበብ ስላቆመ ነው ይህን በጋዜጣችን ላይ የጻፍኩት። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጎራ በሉና ጠይቁት። ስለ ክሩ አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትሉ። በምን እንደያዛት ብቻ ጠይቁት። ይዋሻችኋል። እመኑት።